አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው

ሙዚቃ ሊሰማ መጥቶ በር ላይ የጆሮ መድፈኛ አደሉት። የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ሁለት ቢጫ ስፖንጆች፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ። እንግዳው፣ ስሙ ነው፣ መዳፉ ላይ አድርጎ አያቸውና፣ ሠርግ ጠርቶ በር ላይ የአፍ መሸበቢያ ማደል ማለት ይኼ ነው አለ በሆዱ። ግን አልሳቀም፤ ሳቅም እንቅልፍ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከግንቦት አጋማሽ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በዚህች በሰሜን ኖርዌይ ባለች የወደብ ከተማ በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም። የመተማ ቆላ ልጅ በፀሐይ አይደነግጥም፤ የሸሕዲ ፀሐይ ናላ ታዞራለች፣ ግን ሰዓቷ ሲደርስ ገብታ ትተኛለች፣ ሰውንም ታስተኛለች፤ የዚህችኛዋ ግን ነገሯ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፣ ራቱ ተበልቶ፣ ወሬው አልቆ፣ አሁንም ቁጭ። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል "እንቅልፍህን ከአንድ እስከ አስር ስንት ትሰጠዋለህ?" አለችው። ለእንቅልፍም ማርክ ይሰጣል እንዴ ሊላት ፈልጎ ቋንቋው ስላልታዘዘለት "አምስት" አላት፤ አምስት ማንንም አያስቀይምም። እሷም አምስት ብላ ጻፈች፣ መስኮትህን በጥቁር መጋረጃ ሸፍን ብላ መከረችው፣ ሸፈነ። እንቅልፉን የወሰደችው ፀሐይ እንዳልሆነች ግን አልነገራትም። የእናቱን ድምፅ በስልክ ከሰማ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው።

በየእሁዱ ይደውላል። እናቱ ታይቱ ሸሕዲ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከታናሽ እህቱ ከእስከዳር ጋር ነው የምትኖረው። በመጀመሪያው እሁድ ስልኩን እስከዳር አነሳችና እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት አለችው። በሁለተኛው፣ ስልኳ ውሃ ገባበት። በሦስተኛው፣ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይያዝም። በአራተኛው እስከዳር የድምፅ መልእክት ላከችለት፣ የእናቱን፣ በራሷ በእናቱ ድምፅ። በአምስተኛው ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብላ ቶሎ ዘጋች፣ ኔትወርኩ ግን እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም፣ ከኋላዋ የሚንጫጩት የሰው ድምፆች አንድ በአንድ ይሰሙ ነበር። እንግዳው በየእሁዱ "እሺ፣ ሰላም በይልኝ" ብሎ ይዘጋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይኼ ነው። ምክንያቱም እነዚህን ሰበቦች፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ውሃ የገባበትን ስልክ፣ ጸበሉን፣ የድምፅ መልእክቱን ሳይቀር፣ በዚሁ ተራ የፈጠራቸው እሱ ራሱ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ለሌላኛዋ እህቱ ለሰርካለም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤ ቁናው ግን ይህን ያህል አንድ ዓይነት ይሆናል ብሎ አላሰበም።

"ግባ እንጂ ያ ዞል፣ ሰው ቆሟል" አለው ኸሊል ከኋላው፤ ያ ዞል፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው።

ኸሊል የገላባት ልጅ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ከተሻገርክ ገላባት ነው፣ ሱዳን፤ ኸሊል እናቱ መተማ ገበያ ሽንኩርት ትነግድ ስለነበር አማርኛውን የለመደው ከገበያ ነው፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም "አንተ" እያለ ይጠራል፣ ማንም አይቀየመውም። እዚህ ሀገር ከደረሰ ወዲህ በዚህ አዳራሽ ተቀጥሮ ለዘፋኞች ሳጥን ይሸከማል፣ ሽቦ ይዘረጋል፤ ለሠራተኛ ሁለት ሁለት ትኬት በነፃ ይሰጣል። እንግዳውን ግን ከዚህ በፊት ጋብዞት አያውቅም። ዛሬ ቀትር ላይ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ የተጠበሰ ዓሣና ዳቦ በላስቲክ ይዞ ቤቱ መጣና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። "ብላ" አለው። "አልራበኝም።" "ብላ። ወላሂ ካልበላህ አንሄድም።" እንግዳው መብላት ጀምሮ መሀል ላይ ማላመጡን አቆመ። በእነ እንግዳው ሀገር መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ከሰማ በኋላ አይበላማ። የኸሊልን ፊት አየ። ኸሊል የዓሣውን አጥንት እያየ ነበር። ይኼ የገላባት እስላም የእኛን ወግ ከየት ያውቀዋል አለና ራሱን አጽናንቶ ጉርሻውን ዋጠው።

አዳራሹ ጥቁር ነው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም፤ ከውጭ ፀሐይዋ ፊት ላይ ስታበራ ቆይታ እዚህ ሲገቡ ዓይን ይጠፋል። ኸሊል ክንዱን ይዞ በሰው መሀል መራው። ሰዉ ቆሟል፤ ወንበር ያለው ጥግ ጥግ ላይ ብቻ ነው፣ ከግድግዳው ጋር፣ ከመውጫው በር አጠገብ ሁለት ወንበር ላይ ኸሊል አስቀድሞ ጃኬቱን ጥሎባቸው ኖሯል። "ተቀመጥ" አለው። እንዲህ ነው እንግዲህ። በልቷል፣ ተቀምጧል። "ዛሬ ሙሉ ነው" አለ ኸሊል፣ ዙሪያውን እያየ፣ እንደ ደጋሽ። "አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው። አንድ ቦታ አልቀረም።" እንግዳው የጆሮ መድፈኛውን ላስቲክ ቀደደና ሁለቱንም ስፖንጅ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ጆሮው ውስጥ ከተታቸው፣ ገና ዘፈኑ ሳይጀመር።

አምስት ናቸው። በጨለማ ገቡ፣ እንደምን አመሻችሁ የለ፣ ለማንም ሰላም አላሉም። የባንዱን ስም ኸሊል ሦስት ጊዜ ነግሮት ሦስት ጊዜ ጠፍቶበታል። ጭስ ተለቀቀ፣ አንድ ሰማያዊ መብራት ከላይ በራ፣ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ኦርጋን ላይ አንድ ጣቷን አሳረፈች፣ እንዳሳረፈችው ቀረች። አንድ ድምፅ። ሌላው ወለል ላይ ተቀምጦ ሽቦ ይነካካል፣ ጊታር የያዘው ጊታሩን አቅፎ ቆሟል፣ ከበሮ መቺው እጁን አጣጥፎ ተራውን እንደሚጠብቅ ዲያቆን ዝም። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ፣ ያው ድምፅ። እንግዳው መጀመሪያ ተበላሽቶባቸው መሰለው። ከዚያ በወንበሩ እግር አልፎ፣ በተረከዙ አልፎ፣ ሆዱ ውስጥ ሲገባ ድምፁን አወቀው፤ ስፖንጁ ጆሮን እንጂ ሆድን አይደፍንም። አብደራፊ፣ የአንድ ኢንቨስተር እርሻ ላይ፣ ባትሪው የሞተ ትራክተር ይነዳ በነበረበት ዓመት፣ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ ስለማይነሳ ሲያርፍም አያጠፋውም፣ ከሥሩ ሳሩ ላይ ይተኛል፣ ሞተሩ ከላዩ ያጉረመርማል፣ ያንን የመሰለ እንቅልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኝቶ አያውቅም። ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱን የመንገድ መጥረጊያ ነው የሚነዳው፣ የትራክተር ግልገል የምታክል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎህ የሚባል ነገር ካለ፤ እና ሞተሯ ድምፅ የላትም፣ በኤሌክትሪክ ናት። ዓይኑ ከበደው። አርባ አንድ ቀን ያልመጣ እንቅልፍ ሰው በሞላበት መጣ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፣ እና እናቱ ራኩባው ሥር፣ በሰሊጡ እርሻ ዳር በእንጨትና በሳር በሠሯት ጥላ ሥር ተቀምጣ ለሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአረም ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ አንተም ጠጣ ልጀ፣ ፀሐዩ አናትኸን በላው ትለዋለች።

ነቃ። ከበሮው አንዴ ተመትቶ ነው። ቀና ብሎ ሰዉን አየ። ማንም አይጨፍርም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል፣ አንዳንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል፣ ከፊት ለፊቱ ያለች ወፍራም ሴትዮ እንባዋ እየወረደ አልጠረገችውም። ዘፈን ማለት እሱ በሚያውቀው ትከሻ የሚያስነቀንቅ ነው፣ አንዱ የሚያወርደው ሌላው የሚቀበለው፣ ሳሉጎች አረም ላይ ሲያወርዱ አራት መቶ ሰው በአንድ አፍ ሲቀበል መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አንዱን መድፈኛ ትንሽ ሳብ አድርጎ ወደ ኸሊል አዘነበለ።

"ማን ሞቶባቸው ነው?"

ቀልዱ ነበር። ኸሊል ግን አልሳቀም። ሊናገር አፉን ከፈተ። እንግዳው መድፈኛውን በአውራ ጣቱ መልሶ እስከ መጨረሻው ገፋው።

መርዶ እኮ በስልክ አይነገርም። ለብቻም አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ከዚያ በር ይንኳኳል፤ የሞተበት ሰው ራሱን መሬት ላይ ቢጥል የሚይዘው፣ ቢጮህ አብሮት የሚጮህ መኖር አለበት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ሰው የሌለው ስደተኛስ? ሰው እስኪገኝለት አይነገረውም። ዓመትም ቢሆን ይዋሻል። ሰርካለም ካርቱም ኩብራ የምትባል ሴትዮ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ባሏ ምናለ በካላዛር፣ በቆላው ትኩሳት፣ ሞተ፤ ጋሼ ትዕዛዙ፣ አጎታቸው፣ ሽማግሌው፣ "ልጅቱ ብቻዋን ናት፣ ሰው እስክናገኝላት አፋችሁን ያዙ" ብለው አዘዙ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረው "አንተ ምላስህ ለስላሳ ነው፣ ስልኩን አንተ ያዝ" አሉት። ያዘ። ምናለ ገለጉ እርሻ ገብቷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ቤተ ክርስቲያን ነው። ስልኩ ውሃ ገባበት። ጸበል ገብቷል። አምስት ወር። የውሸት አመል እንደ አረም ነው፣ አንዱን ሳትነቅለው ሌላው ይበቅላል። አንድ ቀን ሰርካለም በስልክ አለቀሰች፣ "እንግዳው፣ የሆነ ነገር አለ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለች፤ እሱም ደንግጦ "እማዬ ትሙት ደኸና ነው!" አለ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፣ የማሽላ ዘር ከገለባ እየለየች። ስልኩ ሲዘጋ ቀና ብላ አየችው፤ "እኔ ምን አጠፋሁ ልጀ? ገደልኸኝ እኮ። በል ቢያንስ ሰሊጡ እስኪሰበሰብ አቆየኝ" አለች፣ እና ሁለቱም ሳቁ፣ በለቅሶ ቤት፣ አፋቸውን ሸፍነው።

በዚያ መሐላ አላመነችውም፣ ሰርካለም። ስለዚህ ከምናለ ስልክ ውስጥ የቆየ የድምፅ መልእክት ፈልጎ አገኘና ላከላት። "አይዞሽ ሰርኬ፣ ደኸና ነኝ፣ ትንሽ ትኩሳት ናት፣ ታልፋለች።" አመነች። ሟቹን አመነችው። አሥራ አንድ መልእክት መለሰችለት። እንግዳው ሁሉንም ሰምቷል፣ የምናለ ስልክ እሱ ኪስ ነበርና፤ ድምፅኸን ሰምቸ ዛሬ በላሁ፣ ለምን አትመልስልኝም፣ ለልጅ የሚሆን ልብስ አይቻለሁ፣ አንድ ቀን ለሚወለደው፣ አትሳቅብኝ። ከዚያ በወሩ ከመተማ የሄደ አንድ ነጋዴ ለኩብራ ሳያስበው ነገራት፤ ኩብራ ደግሞ በወጓ ሞት አይደበቅም፣ ወዲያው ወጥ ቤት ገባችና ሽንኩርት የምትልጠውን ሰርካለምን በቁሟ ነገረቻት። አንድ ሐበሻ አጠገቧ አልነበረም። በማግሥቱ ደወለች። ለቅሶ የለ፣ ጩኸት የለ። "ያ ድምፅ መቼ የተቀዳ ነው?" አለችው። ነገራት። "አንተም መርዶኸን ብቻኸን ያርዱኸ" ብላ ዘጋችው። ያ የመጨረሻ ቃሏ ነው። እሱ ከሀገር ሲወጣ በካርቱም አልፏል፣ የኩብራን በር አንኳኩቷል፤ ኩብራ ውሃና ዳቦ ሰጠችው፣ ሰርካለም ከጓዳ አልወጣችም። ካርቱም በጦርነት ስትቃጠል በመተማ በኩል ተመልሳ እናቷ ቤት ገባች፤ ታይቱን ስታስታምም፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ የኖረችው እሷ ናት፣ እና እሁድ እሁድ ስልኩ ሲጮህ ከክፍሉ የምትወጣውም እሷ ናት።

ጊታሩ ገባ። ጊታር ግን አይመስልም፣ ቆርቆሮ ላይ የሚመጣ ዝናብ ይመስላል፣ ከሩቅ፣ ከገለጉ በኩል። ሰዉ እንደ ማሽላ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፣ ተመለሰ። እና ያ የእናቱ መልእክት፣ እስከዳር በአራተኛው እሁድ የላከችው፤ አሁን ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። "እንግዳው ልጀ፣ ደኸና ነኸ ወይ? እኛ ደኸና ነን። ሂላው ቆሟል፣ ዝናብ እንዳይመታብን ጸልይ።" ሂላ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሊጥ ነው። የሚቆመው በጥቅምት ነው። አሁን ሰኔ ነው፣ ሰሊጥ ገና መዘራቱ ነው። እስከዳር ሱቅ ጠባቂ ብትሆንም የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት፣ እንዴት ይኼ ጠፋት? ወይስ በለቅሶ መሀል እጇ ያገኘውን ላከች? እሱ ራሱ ትኩሳት የሚለውን ልኮ የለም? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ እዚህ ግን አይመሽም አይነጋምም፣ ስለዚህ ሳይጠራ ይቆያል። መልእክቱን ሰምቶ "አሜን፣ እጸልያለሁ" ብሎ መለሰ። ለሟች መለሰ። አንድ መልእክት ብቻ፣ አሥራ አንድ አይደለም፣ ግን መለሰ። ማን እየሰማው ይሆን? ሰርካለም ትሆን? ሰምታ ምን አለች?

ያልተነገረው ሰው እናት አለችው። ቀላል ሒሳብ ነው። ሰው ካልተሰበሰበ መርዶ የለም፣ መርዶ ከሌለ ታይቱ ጸበል ናት። እዚህ ከተማ ደግሞ ሰው የለም፤ የነበሩት አንድ የኤርትራ ቤተሰብ ባለፈው ዓመት ወደ ኦስሎ ሄደዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ኦስሎ ነው፣ በባቡርና በአውቶብስ ከአንድ ቀን በላይ። በዚህ ስሌት እናቱ ለዘለዓለም ልትኖር ትችላለች። የእህቱ እርግማንም አይደርስ ይሆናል፣ ካልሰማ እንዴት ብቻውን ይሰማል? ይህን ሁሉ ሳምንት የተንጠለጠለው በዚህች ክር ነው፣ ከሐኪሟም፣ ከእስከዳርም፣ ከራሱም ደብቋት።

ኸሊል ክንዱን ነካው። እንግዳው መድረኩን አየ። ኸሊል እንደገና ነካው። ከበሮ መቺው ተነስቶ በሁለት እጁ ይመታል፣ ድምፁ ግድግዳውን ይገፋዋል፣ ጥርስ ይነቀንቃል፣ ኸሊል ጆሮው ሥር ይናገራል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል፣ አዎ፣ አዎ፣ ጥሩ ዘፈን ነው፣ በጣም ጥሩ። ፈገግም አለ። የለስላሳ ምላስ ባለቤት ለስላሳ ፊትም አያጣም።

ኸሊል መናገሩን ተወ። ከወንበሩ ተነሳና ከፊቱ ቆመ፣ መብራቱን ጋረደው። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ደረቱ አጠገብ ያዛቸው።

የመተማ ልጅ ይህን ያውቃል። ሱዳኖቹ ነጋዴዎች ለቅሶ ሲመጡ፣ ለክርስቲያኑም ቤት ቢሆን፣ ከደጃፉ ቆመው ቃል ከመናገራቸው በፊት ሁለት መዳፋቸውን እንዲህ ይከፍታሉ፤ ለቀስተኛውም መዳፉን ከፍቶ ይቀበላቸዋል። ለምናለ ጊዜም አምስት ስድስት ሆነው ሸሕዲ ድረስ መጥተው ከፍተዋል። ይኼንን የሚደፍን ስፖንጅ የለም። እንግዳው የኸሊልን መዳፎች አየ፤ ሽቦ የላጣቸው፣ ሳጥን ያጠነከራቸው ናቸው። የራሱ እጆች ጭኑ ላይ ነበሩ። መቼ እንደ ተከፈቱ አያውቅም።

ከዚያ መድፈኛዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ድምፁ እንደ ጎርፍ ገባ።

"በቃልህ ንገረኝ" ብሎ ጮኸ። "ሰው ፊት ንገረኝ!"

ኸሊል ጎንበስ ብሎ አፉን ጆሮው ላይ አደረገ። "እናትህ አርፋለች። ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ በእንቅልፏ። ነገ አርባዋ ነው። መሌሽ ወንድሜ፣ መሌሽ፣ አይዞህ።" ከዚያ እንዳይቋረጥ የፈራ ይመስል አከታትሎ፣ በገበያ አማርኛው፣ "ሰው ሰብስብ አለችኝ። ብቻውን እንዳትነግረው፣ ይብላ፣ ይቀመጥ፣ ብዙ ሰው ይሁን አለችኝ። ሦስት ቀን አሰብኩ፣ ከየት ላምጣ? ሐበሻ የለም። መስጊድ ስንሰበሰብ አምስት ነን። ከዚያ ይኼንን አየሁ። ሙሉ ነው አሉ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ወላሂ ሌላ አላገኘሁም።"

"ማናት ያለችህ?"

"እህትህ።"

"እስከዳር?"

"አይደለችም። ሰርካለም ነው ስሟ። ለቤተሰብህ በሰጠሃቸው በእኔ ቁጥር ደወለች። ብቻውን አይስማ አለች፣ አስር ጊዜ አለች።"

ያን ጊዜ ነው የጮኸው። በእናቱ ሞት አይደለም፣ ሞቷን ካወቃት ሰንብቷል፤ በእህቱ ስም ነው፣ በሰርካለም። ከሆዱ የወጣው ጩኸት ራሱንም አስደነገጠው፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ደረቱን መታ፣ እማዬን፣ እማዬን፣ እናቴን፣ ራኩባዬን፣ እያለ፤ ግን ማንም አልሰማም፣ አምስቱ በአንድ ላይ የሚያወርዱት ድምፅ ከሰው ድምፅ ሁሉ በላይ ነበር። ከዚያ ባንዱ ቀጥ አለ። በአንድ ምት፣ ቢላዋ እንደ ቆረጠው። ልማዳቸው ነው አሉ፣ ዘፈኑ እንደዚያ ነው የሚያልቀው። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ እና በዚያ ጸጥታ መሀል የአንድ የሸሕዲ ሰው ለቅሶ ብቻውን ቀረ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ዞረ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም ዝም በል አላለም። ያቺ ወፍራም ሴትዮ መጀመሪያ መጣች፣ ምን እንደ ሆነ አታውቅም፣ አልጠየቀችም፣ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጢሙ የረዘመ ሰውዬ ከጀርባው ብብቱን ይዞ እንዳይወድቅ ደገፈው፤ ልክ ነው፣ መያዝ አለበት፣ ማን ነገረው? ኸሊል በሀገሬው ቋንቋ "እናቱ፣ እናቱ ናት" አለ፣ ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ፣ እስከ መድረኩ ሲደርስ ይታያል፣ ሰዉ ቀስ እያለ አንገቱን ሲደፋ። ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ወደ ጨለማው ትንሽ አየችና ያቺኑ ጣቷን መልሳ ኦርጋኑ ላይ አሳረፈች። አንድ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ። እንግዳው በላዩ ላይ አለቀሰበት፣ እስኪበቃው፣ ማንም ሰዓት አላየም።

ሲወጡ ፀሐይዋ እንደ ተዉአት ቁጭ ብላለች። ሸሕዲ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ እዚያ መሽቷል፣ ግን ነገ አርባ የሚያወጣ ቤት አይተኛም። ኸሊል የራሱን ስልክ አውጥቶ ቁጥሩን ነካና ሰጠው። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ሳይጠራ ተነሳ።

"ነገረኸ?" አለች ሰርካለም፣ ሰላምታ የለ። ስድስት ዓመት፣ ድምፅዋ ወፍሯል፣ የእናታቸውን ሆኗል።

"ነገረኝ።"

"በልተኸ ነበር?"

"በልቼ ነበር።"

"ተቀምጠኸ?"

"አዎ።"

ከጀርባዋ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ሴቶች ለነገ እህል ይለቅማሉ፣ እስከዳር አንዷን ትቆጣለች። እንግዳው ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ስድስት ዓመት ያዘጋጀው ነገር ነበር፣ ከየት ይጀመር እንደ ነበር ጠፋው።

"ስንት ሰው ነበር?" አለች።

ወደ አዳራሹ በር ዞረ። ሰዉ እየወጣ ነው፣ አንዳንዱ ሲያልፍ ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፣ ያቺ ሴትዮ ደረጃው ላይ ቆማ እጇን አውለበለበችለት። ዓለም በሙሉ ቢሰማ ውሸት ነው የሚለው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ውሸቱ በእሷ ዘንድ የታወቀ ሰው ነው።

"አንድ ሺህ ሁለት መቶ" አለ።

በስልኩ የሚመጣው ዝናቡ ብቻ። አላመነችም። እንግዳው ደነገጠ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

"እውነቴን ነው ሰርኬ፣ እማዬ ት..."

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማለባት መሐላ ነበረች፣ በእውነትም በውሸትም፤ ዛሬ የምትማልባት የለችም።

"ተወው" አለች ሰርካለም፣ እያለቀሰች ነበር። "አትማል። አምኘኻለሁ።"